ጨዋነት ያልኩት ሕመም

በጣሊያን ጊዜ ቡታጅራ ዳር መንገድ ሲሠራ እኔ ድንጋይ ተሸካሚ ነበርኩ። ጠዋት ጠዋት ተሰልፈን እንቆማለን። አሠሪያችን ካቦው ጣሊያን ነው። ቀጭን ዘንግ ይዞ በሰልፉ ኋላ ይሄዳል። ፊታችንን አያይም፤ የሚያየው ጀርባችንን ነው። ቀጥ ያለውን በዘንጉ ነካ አድርጎ ያሳልፋል፣ የጎበጠውን ከሰልፍ ያወጣል። የወጣ ሰው የዚያን ቀን ሥራ የለውም። ሥራ ፈቶ ሲሄድ ባንዳዎች ካገኙት ደግሞ «ከሽፍቶቹ ጋር ነህ» ተብሎ ይያዛል። ስለዚህ ጀርባችንን እንደ ነፍሳችን እንጠብቅ ነበር።

ይህን የምጽፈው ስለ ጣሊያን ለመናገር አይደለም። ስለ እሱ ከእኔ የተሻለ የሚያውቁ ብዙ ናቸው። የምጽፈው ስለ ራሴ ቤት ነው። ነገሩ ያሳፍረኛል። ቢሆንም እኔን የመሰለ ወንድ ዛሬም በየመንደሩ አያለሁና ዝም ማለቱ የባሰ መሰለኝ።

ሚስቴ አደይ ትባላለች። ስትመጣ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ረጅም ነበረች፤ ጎን ለጎን ስንቆም በጥቂት ትበልጠኛለች። እናቴ ወለተ ሐና ከእኛ ጋር ትኖራለች። ቤታችን ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። ከጓሮ እንሰት አለን፤ የምንበላው ከእሱ ነው።

እንሰት የማያውቅ አንባቢ ካለ ልንገረው። ሴቲቱ ሳንቃ አጋድማ ከግንድ ጋር ታስደግፋለች። ከፊቱ መሬት ላይ ትቀመጣለች። የተላጠውን ግንድ ሳንቃው ላይ አድርጋ በአንድ እግሯ ተረከዝ ወጥራ ትይዛለች። ከዚያ በቀርከሃ መፋቂያ ከላይ ወደ ታች ትፍቃለች። ሥጋው ከታች ይጠራቀማል፣ ቃጫው በእጇ ይቀራል። የተፋቀው ጉድጓድ ገብቶ ይቦካና ቆጮ ይሆናል። ይህ የሴት ሥራ ነው። ወንድ እንሰት ይተክላል፣ ይነቅላል፤ ሴቶች ወደሚፍቁበት ቦታ ግን አይሄድም። ነውር ነው። እኔም ሄጄ አላውቅም ነበር።

ቀድሞ ሴቶች ተሰብስበው ነበር የሚፍቁት። ዛሬ አንዷ ጋ፣ ነገ ሌላዋ ጋ። አንዷ ስትደክም ሌላዋ ትተካለች። እየተነሡም እየተቀመጡም ይጫወታሉ። ጣሊያን በአቅራቢያችን የጦር ሰፈር ሲሠራ ብዙ ቤተሰብ ልጃገረዶቹንና ምራቶቹን ወደ ዘመድ አገር አሸሸ። ማኅበሩ ተበተነ። እናቴ አርጅታለች። አደይ ብቻዋን ቀረች። ሁለት በጋ ሙሉ ብቻዋን ፋቀች። ለቤታችን ብቻም አልነበረም፤ እኔ ለራሴና ለሁለት የሥራ ጓደኞቼ ስንቅ እወስድ ነበር።

ጀርባዋ መጉበጥ የጀመረው መቼ እንደሆነ አላውቅም። ይህንም ስጽፍ አፍራለሁ። የካቦውን ዘንግ ድምፅ ከኋላዬ እለይ ነበር፤ የሚስቴን ጀርባ ግን አላየሁም።

ጎረቤት ግን አይቶ ነበር። ያመሰግናት ነበር።

«የዱባለን ሚስት አያችኋት? ዓይኗን ከመሬት አታነሣም» ይላሉ።

«ምራት እንዲህ ነው እንጂ! የእኔዋማ ደረቷን ነፍታ ስትሄድ አማቷን የምትገፈትር ነው የምትመስለው።»

እናቴ ይህን ስትሰማ ደስ ይላታል። እኔም ደስ ይለኝ ነበር። ሙሽራ በአማቶቿ ፊት አንገቷን መድፋቷ የአገሩ ወግ ነው። ጊዜው አልፎ ሙሽርነቷ ሲያበቃም አንገቷን ስትደፋ ጨዋነቷ የበዛ መሰለኝ። በሰው ፊት አብሬያት ስሄድ እኮራ ነበር።

በ፲፱፻፴ ዓ.ም. መጨረሻ ላይ የእኔው ጀርባ ታመመ። ድንጋይ ሳነሣ ወገቤ ተያዘ፤ ትከሻዬ ወደ ፊት ታጠፈ። ሁለት ቀን ካቦው ከሰልፍ አወጣኝ። በሦስተኛው ቀን አብሮኝ የሚሸከመው ጀማሉ ሳቀብኝ።

«ዱባለ፣ ምን ጠፍቶብህ ነው መሬት መሬት የምታየው?»

«ወገቤ ነው። ተወኝ።»

«አክስቴ ከድጄ ጋ ና። ወጌሻ ናት። ግመል እንኳ ታቃናለች።»

«እኔ ግመል ነኝ?»

«ግመልማ ብትሆን ጣሊያኑ ያሳልፍህ ነበር።»

እትዬ ከድጄ በመስቃን በኩል የታወቁ ወጌሻ ነበሩ። አባታቸው የነጋዴ ተሸካሚዎችን ሲያክሙ አይተው ነው የተማሩት። «ቢስሚላህ» ብለው አከርካሪዬን በጣታቸው ቆጠሩ። እንዲያሹኝ ጠብቄ ነበር። ጥቂት አሹኝና ተዉኝ።

«ማሸት ለዛሬ ነው» አሉ። «ነገ ድንጋይ ስታነሣ ይመለሳል። አንተ ልጅ፣ ደረትህ ተኮማትሯል፣ ጀርባህ ላልቷል። የተኮማተረውን መዘርጋት፣ የላላውን ማጠንከር ያንተ ሥራ ነው። እኔ አልሠራልህም።»

ከዚያ አስተማሩኝ። መጀመሪያ ከቤቱ ምሰሶ ጋር አቆሙኝ። ተረከዜ፣ መቀመጫዬ፣ ትከሻዬና ጭንቅላቴ ምሰሶውን እንዲነኩ፣ አገጬ እንዳይንጋጠጥ። እንዲህ ሆኜ ሃያ ጊዜ እተነፍሳለሁ። ሁለተኛ በር ላይ ቆሜ ሁለቱን ክንዶቼን በግራና በቀኝ መቃን ላይ አሳርፌ ቀስ ብዬ ወደ ፊት እገፋለሁ፤ ደረቴ ሲሳብ ይሰማኛል። ሦስተኛ በሆዴ ተኝቼ ክንዶቼን በጎኔ አድርጌ፣ የጀርባዬን ሁለት ሰፊ አጥንቶች አቀራርቤ ደረቴን ከመሬት ከፍ አደርጋለሁ። አራተኛ በጀርባዬ ተኝቼ ጉልበቴን አጥፌ ዳሌዬን አነሣለሁ። እያንዳንዱን አሥር ጊዜ፣ ጠዋትና ማታ። «ሲያምህ አቁም፤ ሲሳብ ሲሰማህ ግን ቀጥል። ሁለቱን ለይ» አሉኝ። ሸክም ሳነሣም በወገቤ ሳይሆን በጉልበቴ እንድወርድ አስጠነቀቁኝ።

ስወጣ አንድ ነገር ጨመሩ።

«ቶሎ መምጣትህ በጀህ። ሁለት ሦስት ዓመት የከረመ ጀርባ እንደ ደረቀ ቆዳ ነው። ከዚያ ወዲያ እኔም ሌላም አናቃናውም።»

ይህን በጆሮዬ ሰማሁ። አልሰማሁም ልል አልችልም።

በወሩ ቀና አልኩ። ካቦው በዘንጉ ነካ አድርጎ አሳለፈኝ። የአገሬን ጠላት ደስ ለማሰኘት ጠዋትና ማታ ጀርባዬን አቀና ነበር ማለት ነው። ይህም አንዱ ሐፍረቴ ነው፤ ግን ትልቁ አይደለም።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ከሥራ ቀርቼ ወደ ቤት ስገባ አደይ ምሰሶው ሥር ቆማለች። ተረከዟን አስጠግታ ጭንቅላቷን ወደ ኋላ ለማድረስ ትታገላለች። አልደረሰላትም። እናቴ መደብ ላይ ተቀምጣ ታያታለች።

«ዱባለ ልጄ፣ ና እይ!» አለች እናቴ። «ሚስትህ ወታደር ልትሆን ነው።»

አደይ ደንግጣ ከምሰሶው ራቀች።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አልኳት።

«እርስዎ ሲያደርጉት አይቼ ነው። እኔም ያመኛል።»

«ምንሽን?»

«ከትከሻዬ እስከ ወገቤ። ቀና ልበል ስል ይይዘኛል።»

እናቴ ጣልቃ ገባች። «እኛስ አልፋቅንም? እኛስ ውኃ አልተሸከምንም? የሴት ጀርባ ሲሠራ ይጎብጣል። ምን አዲስ ነገር አለው? ይልቅ ጎረቤት ሳያይ ተዪው። መሬት ላይ በሆዷ ተኝታ ደረቷን ስታነሣ ብትታይ ምን ይላሉ?»

እኔ ምን ማለት ነበረብኝ? «ነይ፣ እንዲህ ነው የሚደረገው» ማለት ነበረብኝ። የእትዬ ከድጄ ቃል ጆሮዬ ውስጥ ነበር። እኔ ግን የጎረቤቱ ምስጋና ታሰበኝ። አንገቷን የደፋችው የዱባለ ሚስት።

«አንቺ ድንጋይ አትሸከሚም» አልኳት። «ይህ የወንድ ነገር ነው። ሁለተኛ እንዳላይሽ።»

«እሺ» አለች።  ሁለተኛም አላየኋትም። እኔ ግን ጠዋትና ማታ፣ እሷ ምድጃ ሥር ጎንበስ ብላ እሳት ስታነድ፣ በዚያው ምሰሶ ላይ ጀርባዬን አቀና ነበር። ይህን ከአንድ ዓመት በላይ አደረግሁ።

አንድ እሑድ እትዬ ከድጄ በእኛ መንደር እጁ የተሰበረ ሰው ሊያዩ መጡ። ሲመለሱ እኔን ሊጠይቁ ጎራ አሉ። እኔ አጥር እየጠገንኩ ነበር፤ ሲገቡ አላዩኝም። አደይ ጀርባዋን ሰጥታ ከጓሮ ወደ ቤት ትሄዳለች። ምንም አልተሸከመችም። እጇ ባዶ ነው። እንዲያም ሆኖ እንስራ እንዳዘለ ሰው ጎብጣለች።

እትዬ ከድጄ ከኋላዋ ጮክ ብለው ሰላምታ ሰጡ።

«እንዴት ዋሉ እማማ! ልጅዎ ዱባለ ወገቡ ተሻለው?»

አደይ ዘወር አለች። የሃያ ሁለት ዓመት ፊት ነው። እትዬ ከድጄ እርምጃቸውን ገቱ። እኔም ካለሁበት አልተንቀሳቀስኩም። በዚያን ጊዜ እናቴ ከቤት ወጣች። ከዘራ እንኳ አልያዘችም፤ ከምራቷ ይልቅ ቀጥ ብላ ነበር የምትሄደው።

ወደ እነሱ ሄድኩ። «እትዬ ከድጄ፣ እናቴ እኚህ ናቸው። እሷ ሚስቴ ናት።»

እሳቸው አደይን ያዝ አደረጓት።

«አንቺ ልጅ፣ ወድቀሽ ነበር?»

«አልወደቅሁም።»

«ያምሻል?»

አደይ ቀና ልትል ሞከረች፤ ስላልቻለች ከጎን አድርጋ እኔን አየችኝ። ፈቃድ የምትጠይቅ ትመስላለች።

«ጨዋ ናት እትዬ» አልኩ እኔ። «አንገቷን ደፍታ መሄድ ልማዷ ነው።»

«አንተን አልጠየቅሁም።»

ከዚያ ቤት አስገብተው ምሰሶው ላይ አቆሟት። በጭንቅላቷና በምሰሶው መካከል እጃቸውን አስገቡ። መዳፋቸው በሙሉ ገባ፤ በላዩ ሁለት ጣት ጨመሩበት። ወደ እኔ ዞሩ።

«ያስተማርኩህን አላሳየሃትም?»

 እናቴ መለሰችልኝ። «ከለከላት። እኔም ደገፍኩት። ሴት ልጅ ደረቷን ነፍታ አትሄድም። የጨዋ ልጅ አንገቷን ትደፋለች። የእናንተ አገር ወግ ሌላ እንደሆነ አላውቅም።»

«የእኛም አገር ወግ ያው ነው እመት ወለተ ሐና» አሉ እትዬ ከድጄ። ቁጣ አልነበራቸውም፤ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር። «ግን ጨዋ ሴት ስትፈልግ ጎንበስ ትላለች፣ ስትፈልግ ቀና ትላለች። እስኪ ይቺን ቀና በይ ይበሏት።»

እናቴ አላለችም።

«በይ በሏት እንጂ! ምራትዎ አይደለች? ትታዘዝዎታለች።»

እናቴ ዓይኗን ወደ መሬት አወረደች። 

«ወላሂ ዘግይቷል» አሉ እትዬ ከድጄ። «አምና ቢሆን ኖሮ ሁሉንም አስመልስላት ነበር። አሁን የሚመለሰውን እናስመልሳለን። ግን የሚያጎብጣትን ነገር ካላቆማችሁ ልፋቱ ከንቱ ነው። ስትፍቅ እንዴት ነው የምትቀመጠው? አይተሃታል?»

«ወንድ እዚያ አይሄድም» አልኩ።

«አዎ፣ አይሄድም» አሉና ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ።

በማግሥቱ ሥራ ቀረሁ። ካቦውም፣ ባንዳውም፣ ነውሩም ይምጣ አልኩ። ወደ ጓሮ ስሄድ እናቴ ከኋላዬ ጮኸች። «ዱባለ! እዚያ ሴት አለች እኮ!»

«ሚስቴ ናት» አልኳት።

አደይ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ሳንቃው አጭር ነው፤ እኔው ነኝ የቆረጥኩት። አጭር ስለሆነ እስከ ጉልበቷ ታጥፋ ነው የምትፍቀው። ያነሣችው እግር ቀኙ ነው። ሁልጊዜ ቀኙ ብቻ እንደሆነ በኋላ ነገረችኝ። ከኋላዋ የተነቀለ እንሰት ተከምሯል። እሱንም የነቀልኩት እኔ ነኝ። ነቅዬ፣ ከምሬ፣ ፊቴን አዙሬ ነበር የምሄደው።

ስታየኝ ደነገጠች። «ምን ሆኑ? ሰው ሞተ?»

«ተነሺ» አልኳት። «እስኪ እኔ ልሞክር።»

«ኧረ እንዳያዩዎ!»

ተቀመጥኩ። እግሬን ሰቀልኩ። ፋቅሁ። ድንጋይ የሚሸከመው፣ ካቦው የመረጠው ጀርባዬ ግማሽ ግንድ ሳይጨርስ ነደደ። ትቼ ተነሣሁ። አደይ አልሳቀችም። መፋቂያውን ከእጄ ተቀበለችኝ።

«እኔ ጠዋት የተቀመጥኩ ፀሐይ ስትዞር ነው የምነሣው» አለች። እንደ ወቀሳ አልነበረም። እንደዚያ መሆኑን ብቻ ነገረችኝ። ያን ቀን መሬት ተከፍቶ ቢውጠኝ እወድ ነበር።

አዲስ ረጅም ሳንቃ አበጀሁ። ከሥሯ የምትቀመጥበት ዝቅተኛ ጉማጅ ግንድ አደረግሁላት። እትዬ ከድጄ በነገሩን መሠረት አንድ ግንድ ፍቃ ስትጨርስ ትነሣለች፣ ክንዶቿን ወደ ላይ ዘርግታ ወደ ኋላ ትሳባለች፣ እግር ትቀይራለች። ትልቁን እንስራ ትታ በትንሹ ሁለት ጊዜ ትመላለሳለች፤ አንዱን ምልልስ እኔ ያዝኩ። ጠዋትና ማታ ምሰሶው፣ በሩ፣ መሬቱ። አብረን አደረግነው። በሩን አልዘጋንም።

ሳቁብን። ጀማሉ እንኳ ሰልፍ ላይ ቆሞ፣ «ዱባለ፣ ዛሬ ስንት ግንድ ፋቅህ?» ይለኝ ነበር። ሰልፉ ሁሉ ይስቃል። «ጢምህ ላይ ቃጫ ቀርቷል» ይሉኛል። አንድ ቀን ለጀማሉ ብቻ፣ «አክስትህ ሚስቴን እናቴ መሰለቻቸው» አልኩት። ከዚያ ወዲያ አልቀለደብኝም። እንዲያውም በሳምንቱ ለራሱ ሚስት የሚሆን ሳንቃ ምን ያህል መርዘም እንዳለበት ሊጠይቀኝ መጣ።

እናቴ ብዙ ቀን ኩርፊያ ላይ ነበረች። አንድ ጠዋት ግን ከቤት ወጥታ ቆይታ መጣች። ከኋላዋ ሁለት ጎረቤቶች መፋቂያቸውን ይዘው ይከተሏታል። የት እንደሄደች አልተናገረችም። «ዛሬ እዚህ፣ ነገ እነሱ ጋ» አለችና ለአደይ ከሁሉ ከፍ ያለውን መቀመጫ ሰጠቻት። ይቅርታ የሚል ቃል ግን ከአፏ አልወጣም። ከእኔም የወጣው ዘግይቶ ነው።

ጣሊያን በወጣበት ዓመት እትዬ ከድጄ ለመጨረሻ ጊዜ መጡ። አደይ ምሰሶው ሥር ቆመች። መዳፋቸው አልገባም። ሁለት ጣታቸው ግን ገባ። አደይ ከዚያም በላይ ገፋች፤ ከግንባሯ ላብ ወረደ።

«በቃሽ ልጄ» አሏት። «ከዚህ አያልፍም። ሕመሙ ይተውሻል፣ ሥራሽንም ትሠሪያለሽ። ይቺ ግን ትቀራለች። እንዳትብስ ልምዱን አትተዪ።»

እሳቸው ከሄዱ በኋላ አደይን ይቅርታ ጠየቅኋት። ብዙ ተናገርኩ። አላወቅሁም ነበር፣ ወግ ነው ብዬ ነበር አልኳት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

«ይቅር ብዬዎታለሁ» አለች። «ግን አላወቅሁም አይበሉ። ያመኛል ብዬ ነግሬዎት ነበር። ሰምተውኛል። ያን ቀን ባይሰሙኝ ኖሮ ይቀለኝ ነበር።»

 

ወገኖቼ፣ ሥራ ሰውን አያዋርድም፤ ያለ እረፍት፣ በአንድ አቀማመጥ፣ ብቻውን የሚሠራ ሰው ጀርባ ግን ይበላሻል። ይህ ለሚፍቅ፣ ለሚሸምን፣ ለሚሸከም፣ ለሚጽፍም ነው። ተነሡ፣ ተዘርጉ፣ የላላውን አጠንክሩ። ምሰሶና በር የሌለው ቤት የለም፤ ሌላ ዕቃ አያስፈልግም። ወንድ እንዲህ አያደርግም፣ ሴት እንዲህ አታደርግም የሚላችሁ ካለ ስሙን ዱባለ በሉት።

ከዚህ በፊት ግን አንድ ነገር አድርጉ። ቤታችሁ ውስጥ የሚሠራውን ሰው ከኋላው ቆማችሁ እዩት። ሚስት ትሁን፣ እናት፣ ምራት፣ ሠራተኛ። ያምሻል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ጠይቃችሁም እሷ እስክትመልስ ዝም በሉ።